ኮምፒውተርዎን ለሒሳብ ከማዋስዎ በፊት ይፈትኑት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ሉክ ዱራንት 41,024,320 አኃዝ ያለው ፕራይም ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ማግኘቱ ሲሰማ፣ ዜናው ሁሉ ስለ ቁጥሩ ርዝመትና በ17 አገሮች ስላሰራቸው ጂፒዩዎች (ለምስል የተሠሩ፣ ለስሌትም የሚውሉ ፈጣን ቺፖች) ነበር። ዱራንት የሠራው ከጊምፕስ ጋር ነው፤ ጆርጅ ወልትማን በ1996 የጀመረው፣ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን የሚያውሱበት የትልልቅ ፕራይሞች ፍለጋ። በእኔ እምነት ከጂፒዩው ብዛት ይልቅ ሊነገርለት የሚገባው የስሌት ስህተትን የሚይዘው የማጣሪያ ሥርዓቱ ነው።

ምክንያቱ በትንሽ ቁጥር ይታያል። 127ን እንውሰድ፤ 2 ሰባት ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ ማለት ነው፤ ጊምፕስ የሚፈልጋቸውም እንዲህ የሚሠሩ ቁጥሮችን ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ፕራይም መሆኑን የሚለየው የሉካስ-ሌመር ፈተና ከ4 ይነሳል፦ ቁጥሩን በራሱ አባዛ፣ 2 ቀንስ፣ ለ127 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። አምስት ጊዜ ሲደገም 14፣ 67፣ 42፣ 111፣ 0 ይመጣል። መጨረሻው 0 ስለሆነ 127 ፕራይም ነው። አሁን በሜሞሪ ውስጥ አንዲት ቢት (0 ወይም 1 የምትይዝ የሜሞሪ ነጥብ) ተገልብጣ 67 ወደ 66 ተለወጠ እንበል። ቀጥሎ 36፣ 24፣ 66 ይወጣል፤ ፕራይሙ ተጣለ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ምንም አልተሰማውም።

ከመቶ ሚሊዮን በላይ ድግግሞሽ ባለው ሥራ ይህ በእርግጥ ይደርሳል። ቀድሞ መፍትሔው ያንኑ ሥራ በሌላ ማሽን እንደገና መሥራት ነበር፤ የፈቃደኞች ልፋት ግማሹ እዚያ ያልቅ ነበር። በ2017 ሮበርት ገርቢች ያመጣው ፍተሻ ስህተቱን ገና ሥራው ሳያልቅ ይይዛል፤ ፕሮግራሙም ወደ መጨረሻው ትክክለኛ ነጥብ ይመለሳል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ውጤቱ ከማረጋገጫ ፋይል ጋር ይላካል፤ ማጣራቱ ከዋናው ሥራ 1 በመቶ አይሞላም።

ስለዚህ ማንም ሥራ ከመቀበሉ በፊት የጊምፕስ ፕሮግራም የሆነውን የፕራይም95ን የጭነት ፈተና ሌሊቱን ሙሉ ያሂድ። ስህተት ካወጣ ኦቨርክሎኩን (ከተመደበው በላይ የተደረገውን ፍጥነት) ይመልስ፣ የማራገቢያውን አቧራ ይጥረግ፣ የሜሞሪውን ፍጥነት ይቀንስ። ካለፈ የገርቢች ፍተሻና የማረጋገጫ ፋይሉ የሚሠሩበትን፣ ፒአርፒ የሚባለውን የፕራይም ፈተና ይምረጥ። ኤክስፖነንቱ (2 የሚባዛበት ጊዜ፣ ለ127 ሰባት የነበረው) 110 ሚሊዮን ገደማ ከሆነና በፕሮግራሙ ውስጥ የማረጋገጫው ደረጃ 8 ከተባለ፣ ሥራው እስኪያልቅ 3.5 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይይዛል። የሚላከው ፋይል 125 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በሞባይል ዳታ ጥቅል ለሚጠቀም ይህ ቀላል አይደለም። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ፕሮግራሙ ሥራውን የሚያስቀምጥበትን የ30 ደቂቃ ልማድ ወደ 10 ማውረድ ይበጃል።

አሮጌ ወይም የማይታመን ማሽን ያለው ሰውም ከሥራው አይወጣም። አካፋይ ፍለጋ ላይ ይሰለፍ፤ ይህ አካፋይ በማግኘት ፕራይም ያልሆኑ ቁጥሮችን አስቀድሞ መጣል ነው፤ እዚያ ስህተት ቢደርስ አንድ አካፋይ ያልፋል እንጂ ፕራይም አይጣልም፣ ውጤቱም ጥቂት መስመር ስለሆነ ዳታ አይበላም።