ሲጠሩን ወላጅ፣ ስንመጣ ፀጉረ ልውጥ

እዚህ ደሴ ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ሰሞኑን አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ወላጅ ወደ ግቢ መግባት የሚችለው ዓርብ ከ9፡00 እስከ 10፡00 ብቻ ነው ይላል። ከዚያ ውጪ «ማንኛውም ፀጉረ ልውጥ» መግባት ክልክል ነው። ከሥሩ ክብ ማኅተም ተመቶበታል።

ፀጉረ ልውጡ እንግዲህ እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ልጅ እጁን ይዤ እዚያ በር ያደረስኩት፣ አጥሩ ሲሠራ ያዋጣሁት እኔ።

ባለፈው እሑድ ስብሰባ ተጠርተን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ምክንያቱን አስረዱን። ለልጆቻችሁ ደህንነት ነው፣ የሚደብቀው ነገር የሌለው ወላጅ በዚህ ቅር አይለውም አሉ። አዳራሹ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የነደደኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

እኛ ምን እንደብቃለን? የምንመጣው ልጃችን ምን ሆኖ እንደዋለ ልንጠይቅ ነው። በሩን የዘጉት እነሱ፣ የሚደብቁት ደግሞ እኛ!

በር ይጠበቅ። በዚህ አልከራከርም። 2014 ላይ የሆነው ለደሴ ሰው አይነገረውም። ትምህርት ቤቶቻችን መጀመሪያ የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ፤ ኋላ ጦርነቱ ራሱ ከተማው ገባ፣ ብዙዎቹም ተዘረፉ። ከዚያ ወዲህ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መታወቂያ ጠይቁኝ፣ ፈትሹኝ፣ ስሜን ጻፉ። እስከዚህ አብረን ነን።

ይኼ ማስታወቂያ ግን ከደህንነት አልመጣም። ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ጮኸች። ልጇ ጆሮው ተቆንጥጦ፣ ደም ቋጥሮ ነበር ቤት የገባው። ሰኞ መጣች፤ «ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለች። ማክሰኞ መጣች፤ ስብሰባ። ረቡዕ መጣች፤ ትምህርት መምሪያ ሄደዋል። ሐሙስ ጮኸች። ሕፃናት ፊት መሳደቧ ያሳፍራል፣ ልክ አልሠራችም። ሦስት ቀን ቀስ ብላ ስትጠይቅ ግን የት ነበራችሁ? ሕገ መንግሥቱ እንኳ በአንቀጽ 36 ሕፃን ትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል። ሴትዮዋ የጠየቀችው ይኸንኑ ነው። ያገኘችው መልስ ቁልፍ ነው።

በኛ በወሎ ሰው ተገዳድሎ እንኳ አባጋር የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ። የሟችንም የገዳይንም ወገን እስኪበቃው ያናግራሉ። አንድ የተቆነጠጠ ጆሮ ነው ሸምጋይ ያጣው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ወላጅ አምጣ» ወደምትባለው ነገር።

በዚህ አገር ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቃታል። ልጁ አረፈደ፣ ወላጅ አምጣ። ፀጉሩን አልተቆረጠም፣ ወላጅ አምጣ። ደብተር ረሳ፣ ወላጅ አምጣ። ያኔ ዓርብ 9፡00 የሚባል ነገር የለም። አባትየው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ነው? የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይምጣ። እናትየው ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ዘርግታለች? ትጠቅልለውና ትምጣ። እኛን ሲፈልጉን ሰዓት የለንም፤ እኛ ስንፈልጋቸው በሳምንት አንድ ሰዓት።

ልጁስ ወላጅ ሊያመጣ የሚወጣው ከማን ጋር ነው? ብቻውን ነዋ። አምና በጥቅምት፣ ጠዋት 3፡00 ገደማ፣ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አስፋልት ዳር ቆሞ አገኘሁ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም፤ መኪናው ሁሉ መብራት አብርቶ ነው የሚሄደው። ልጁ ቦርሳውን እንዳዘለ ነው። «ምነው ማሙሽ?» ስለው «ወላጅ አምጣ ተብዬ» አለኝ። ቤት ደርሶ ተመልሷል፤ በሩ ተቆልፏል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያለ ወላጅ አያስገባውም። ስለዚህ መሐል ላይ ቆመ። እጁን ስይዘው በረዶ ነው።

ያ ልጅ የወጣበት ሰዓት የትኛው መዝገብ ላይ ተጻፈ? እኔ ስገባ መታወቂያዬ ይያዛል። የስምንት ዓመት ልጅ በጉም ውስጥ ሲወጣ ግን «የት ትሄዳለህ?» ያለው የለም። ያባረረውም ይኸው ስለ ደህንነት የሚሰብከን በር ነው።

ካላመናችሁ 6፡30 ላይ በሩ ሲከፈት ሄዳችሁ እዩ። ባጃጁ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሕፃናቱ ተደራርበው ይጫናሉ። የዛሬው ሹፌር የትናንቱ ይሁን ወንድሙ ማን ይጠይቃል? ጥበቃው በዚያ ሰዓት ሥራው በሩን ይዞ መቆም ነው። በተቆጣ ወላጅ የተነጠቀ ልጅ እኔ ሰምቼ አላውቅም። ልጅ ከጠፋ የሚጠፋው በ6፡30 ነው፤ እወራረዳለሁ።

ጥያቄ ያለው ይደውል ተብለናል። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወተመህ፣ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት፣ አለላችሁ ተብለናል። የኛ ወተመህ ትዝ የሚለው መዋጮ ሲደርስ ነው፤ የልጅ ጆሮ አጀንዳ ሆኖለት አያውቅም።

የምንጠይቀው ደግሞ ሕንፃ አይደለም። ጥበቃው ቤት አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ። በእረፍት ሰዓት አንድ ዩኒት ሊደር ወጣ ብሎ ይስማን። ዛሬ መልስ ከሌለው የሚመለስበትን ቀን ይንገረን። ሰው ተቀምጦ ሲሰማው ድምፁ ይወርዳል፤ ቆሞ ካፊያ ሲመታው ይጮኻል።

ዓርብ ሄድኩ። እንዳጋጣሚ ካፊያ ነበር። ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው፣ ጥፋቱም የሳቸው አይደለም። መዝገቡን ጋቢያቸው ሥር ከዝናብ እየከለሉ ይጽፋሉ። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የመጣበት ጉዳይ። ተራዬ ሲደርስ አየሁት። ከላይ እስከ ታች «ለጥያቄ»፣ «ለጥያቄ»፣ «ለጥያቄ»።

«ጋሼ፣ የተሰጠው መልስ የሚጻፍበት የታል?» አልኳቸው።

አገላብጠው አዩት። «እሱ አልተሰመረም» አሉኝ።

ለሚቀጥለው ዓርብ ማስመሪያ ይዤ እሄዳለሁ።