«ለሚረሱት ነገር መድከም» የሚሉት ስህተት

እህቴ፣ «እናቴ የመርሳት ሕመም ስላለባት ወዲያው ትረሳዋለች፤ አብሮ መጫወቱ ትርፉ ድካም ነው» ብለሻል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም። ነገሩ ቢረሳም ስሜቱ ይቆያል። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለአልዛይመር (በብዛት ለሚታየው የመርሳት ሕመም ዓይነት) ታማሚዎች አሳዛኝና አስደሳች ፊልሞችን ቆንጥረው አሳዩ። ታማሚዎቹ ያዩትን ከረሱ በኋላም ሐዘኑና ደስታው ቶሎ አልለቀቃቸውም።

እጅ የለመደው ሥራም በቀላሉ አይጠፋም። ምስር አብራችሁ ልቀሙ። እናትሽ ፈትል የሚያውቁ ከሆነ እንዝርቱን አቀብያቸው። የሚወዱትን መዝሙር ወይም መንዙማ ክፈቺላቸው። ምስሩ ውስጥ ጠጠር ቢቀር በኋላ አንቺ ድገሚው፤ እሳቸው ፊት ግን እንዳታደርጊው! «ይሄ ማነው? ትናንት ማን መጣ?» እያሉ መፈተኑም ይቅር፤ ፈተና ማን ይወዳል? ከተነጫነጩ ተዪውና ሌላ ጊዜ ሞክሪ።