ያመለጠውም የሚቆጠርበት ሙያ

ዋሽንግተን ከገባሁ ሦስት ወር ሳይሞላኝ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2001፣ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ የጥበቃ ክፍል በነበረች ትንሽ ቴሌቪዥን ቤዝቦልን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ፍጻሜው ተመለከትሁ። የአሜሪካ ቤዝቦል የዓመቱ ሻምፒዮን የሚለይበት የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ ነበር። ኒው ዮርክ ያንኪስ አሪዞና ዳይመንድባክስን 2 ለ 1 እየመራ የመጨረሻው፣ ማለትም ዘጠነኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ሲደርስ፣ ኳሱ በያንኪሱ ወርዋሪ፣ በፓናማዊው ማሪያኖ ሪቬራ እጅ ነበር። የእርሱ ሙያ ሌሎች ያስገኙትን ብልጫ ጠብቆ ጨዋታውን መዝጋት ነበር። በዚያች ሌሊት አልሆነለትም፤ መጀመሪያ ነጥቡ እኩል ሆነ፣ ቀጥሎም የአሪዞናው ሉዊስ ጎንዛሌዝ ደካማ ምት ቀረብ ብለው ከቆሙት ተከላካዮች ጀርባ ወድቃ ያንኪስ 3 ለ 2 ተሸነፈ።

«በቃ፣ አበቃለት» አልሁ። ባደግሁበት ሰፈር አንድ በረኛ በመጨረሻው ደቂቃ ኳስ ካመለጠችው፣ ያዳናቸው ሁሉ ተረስተው ያመለጠችው ቅጽል ስሙ ትሆን ነበር። አብሮኝ ያመሸው አሜሪካዊ የጥበቃ ሠራተኛ ግን «አዲሱ የውድድር ዘመን ሲጀመር፣ በኤፕሪል ይመለሳል» አለኝ።

ሪቬራ በእርግጥም ተመለሰ፤ ቀጥ ብላ መጥታ መቺው ዘንድ ስትደርስ ወደ ጎን በምትታጠፍ፣ «ከተር» በምትባል አንዲት ውርወራ እየተማመነ እስከ 2013 ድረስ 12 የውድድር ዘመናት ተጫወተ። አሜሪካ ለተሸናፊ ትራራለች ማለቴ አይደለም፤ ደጋግሞ የሳተ ወርዋሪ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል ወይም ይሰናበታል። እኔን የገረመኝ መዝገቡ ነው። ብልጫን ጠብቆ ጨዋታን መዝጋት፣ «ሴቭ» ተብሎ በይፋ መቆጠር የጀመረው በ1969፣ ሪቬራ በተወለደበት ዓመት ነው። በመደበኛው ውድድር ካገኛቸው 732 ዕድሎች 652ቱን አሳክቶ ክብረ ወሰኑን ሲይዝ፣ ያልተሳኩት 80ዎቹም እዚያው አጠገባቸው ተጽፈዋል። ሰማንያውም ሆኑ ያቺ የአሪዞና ሌሊት ለማንም የተሰወሩ አልነበሩም፤ ይሁንና በ2019 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ምርጫ ድምፅ የሰጡት 425 ጋዜጠኞች አንድም ሳይቀሩ የዚያን የዓሣ አጥማጅ ልጅ ስም መረጡ፤ ከእርሱ በፊት እንዲህ በሙሉ ድምፅ የተመረጠ ተጫዋች አልነበረም።

የሰፈራችን በረኛ ከዚያች ቀን በኋላ ሜዳ አልገባም። ከዚያ በፊት ስንት ኳስ እንዳዳነ የጻፈ ሰው ስላልነበረ፣ ዛሬ ስለ እርሱ ልመስክር ብል በእጄ ያለችው ያቺው ያመለጠችው አንዲት ኳስ ብቻ ናት።