ማርቲን ጌርን ብቻ አታንሱ

ስለ ታሪክ ተመራማሪዋ ናታሊ ዜመን ዴቪስ የጻፋችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ሌላ ሰው ማንነቱን ወስዶ እሱን መስሎ ስለኖረበት ፈረንሳዊ ገበሬ፣ ስለ ማርቲን ጌር፣ በጻፉት ታሪክ ላይ ብቻ አውርታችሁ የፈረንሳይዋን ከተማ ሊዮንን ዘለላችኋት። የሳቸው ሥራ የተነሳው እኮ ከዚያ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሊዮን ከነበሩ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች።

እ.ኤ.አ. በ1952 የአሜሪካ መንግሥት የሳቸውንም የባለቤታቸውንም ፓስፖርት ወሰደ። ዘመኑ ኮሚኒስት የሚታደንበት ነበር። ፈረንሳይ ሄደው መዛግብት ማገላበጥ ቀረ። ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት ገብተው በዚያ ዘመን የታተሙትን መጻሕፍት ራሳቸውን ማጥናት ያዙ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። በ1971 ደግሞ ቶሮንቶ ላይ ከታሪክ ምሁሯ ጂል ኬር ኮንዌይ ጋር የሴቶችን ታሪክ ማስተማር ጀመሩ፤ ያኔ እንዲህ ዓይነት ትምህርት በጣት የሚቆጠር ነበር።

በዚያው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ሻርሎት ጊያር የምትባል አታሚ ነበረች። ሁለት አታሚ ባሎች ሞቱባት። ከ1537 ጀምሮ 20 ዓመት ያህል ማተሚያ ቤቱን ራሷ መራች። መጽሐፉ ላይም የራሷን ስም አሳተመች። ብዙዎቹ ሴት አታሚዎች ግን «የእገሌ መበለት» ተብለው ነው የቀሩት።

እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል ሠርታለች። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስታጥፍ ትውልና ማታ የተሰነጣጠቀ ጣቷን ቫዝሊን ትቀባለች። ያጠፈቻቸው መጻሕፍት ዛሬም ቤታችን አሉ። ስሟ አንዱም ላይ የለም።

እባካችሁ ስለ ሊዮን ክፍል ሁለት ጻፉልን።