መርከብ ለመለየት ዓይን ብቻውን አይበቃም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ የወታደራዊ ጉዳዮች ተንታኝ፣ ረጅም የበረራ ሥልጠና በጦርነት ጊዜ ቅንጦት መሆኑን ከተናገሩ በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነበሩትን የባሕር ጠረፍ ቃኚ በራሪዎች በምሳሌነት አንሥተው ከሰማይ ሆኖ መርከብ ለማየት ዓይን እንደሚበቃ ሲያስረዱ መስማት ያሳዝናል፤ ያስቆጣልም።

ዓይንማ ሞልቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1941 የጀርመኑን የጦር መርከብ ቢስማርክን ያሳድዱ የነበሩት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በራሪዎች ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) የለቀቁት በራሳቸው መርከብ በሼፊልድ ላይ ነበር፤ መርከቧ የተረፈችውም በማፈንጃዎቹ ብልሽትና በአዛዧ ቅልጥፍና ነው። በየካቲት 1940 ደግሞ አንድ የጀርመን ቦምብ ጣይ በሰሜን ባሕር ላይ የገዛ አገሩን የጦር መርከብ ደበደበ። የሠለጠነው እንዲህ ከተሳሳተ ያልሠለጠነው ምን ሊያደርግ ነው?

ባሕር ላይ ተራራ የለም፣ ወንዝ የለም፣ መንገድ የለም። ናቪጌተሩ፣ ማለትም የአውሮፕላኑን አቅጣጫ የሚመራው ሰው፣ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በአመዛኙ ከኮምፓስ፣ ከፍጥነት፣ ከሰዓትና ከነፋስ አስልቶ ነው፤ ነፋሱንም ከታች የማዕበሉን አረፋ እያየ ይገምታል። የአንድ ዲግሪ ስሕተት በ60 ማይል አንድ ማይል፣ በ600 ማይል ዐሥር ማይል ያህል ያስታል፤ ዐሥር ማይል የሳተ ቡድን በጭጋግ ውስጥ ሊጠብቃቸው የወጣውን መርከቦች አያገኝም፣ ነዳጁ ሲያልቅም የሚያርፍበት ምድር ሊያጣ ይችላል። ጠላትን ቢያገኝስ? ሰርጓጅ መርከብ ከውኃ ሥር ለመሰወር ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ በዚያች ቅጽበት አብራሪው እስከ 15 ሜትር ድረስ ዝቅ ብሎ ውኃ ውስጥ የሚፈነዳውን ቦምብ በትክክለኛው ቦታ መጣል አለበት። አብራሪው፣ ናቪጌተሩ፣ የሬዲዮ ሠራተኛውና ተኳሹ ይህን ያለ ልምምድ እንደ አንድ ሰው ሆነው ይሠሩታል የሚል ሰው የሚናገረው ስለማያውቀው ሥራ ነው።

እንግሊዞች ይህን ስለተረዱ ነው በታኅሣሥ 1939 በራሪዎችን በጋራ ለማሠልጠን ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር የተፈራረሙት፤ በዚያ ስምምነት በካናዳ ብቻ ከ131,000 በላይ የበረራ ባለሙያዎች ሠለጠኑ፣ በዚያችው አገር በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴትም የባሕር ቅኝት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በ1940 ኮርሶቹን ማሳጠራቸው እውነት ነው፤ በ1942 መልሰው ያስረዘሟቸውም ራሳቸው ናቸው። በማሳጠሩ የገፋችው ጃፓን በሰኔ 1944 በፊሊፒንስ ባሕር ውጊያ በሁለት ቀን ከ300 በላይ አውሮፕላኖች አጣች።

ሥልጠናውም ራሱ ሰው ይገድል ነበር የሚለው የተንታኙ ክርክር ደግሞ የባሰ ነው። በእንግሊዝ የቦምብ ጣይ ዕዝ ብቻ ከ5,000 በላይ ሰዎች በሥልጠና ላይ አልቀዋል፤ የፈጃቸው ግን ያረጀ አውሮፕላን፣ መጥፎ አየርና የተዳከመ አሠልጣኝ ነው እንጂ የትምህርቱ ርዝመት አይደለም። ሥልጠናው ይጠር የሚሉ ሁሉ የትኛው ትምህርት እንደሚቀነስ በግልጽ ይንገሩን፦ የነፋስ ስሌቱ ነው፣ የወዳጅና የጠላት መርከብ መለየቱ ነው ወይስ በ15 ሜትር ከፍታ ቦምብ መጣሉ?