ለክቡር የኦፍ ቀን ዲዩቲ፣ ባሉበት

ቀን፦ ቅዳሜ (በተረኞች ድልድሉ፣ በሮስተሩ መሠረት ኦፍ)
ጉዳዩ፦ ቅዳሜዬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ እርስዎ እኛን ነርሶችን በዕረፍት ቀናችን ሥራ የሚያስገቡን ተረኛነት ነዎትና፣ ይህን ደብዳቤም የምጽፍልዎ በዕረፍት ቀኔ፣ በኦፌ ነው። እስካሁን ድረስ ማለቴ ነው። ሰዓቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል። እርስዎ አብዛኛውን ጊዜ የሚደውሉት 2 ሰዓት ላይ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት አለኝ ብዬ ነው።

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ይቅርታ፣ ረስቼው ነው። ማክሰኞ አብረን አድረናል። ማክሰኞም ኦፍ ነበርኩ።

ትውውቃችን የቆየ ነው። ድሮም አልፎ አልፎ ብቅ ይሉ ነበር። በደንብ የገቡት ግን መጋቢት 2012 ነው። የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ሰሞን ሻንጣዎን ይዘው መጡ። «ለጊዜው ነው» አሉ። እኛም ከልብ ተቀበልንዎ። ያኔ ኦፌ ተነካ ብላ ያኮረፈች ነርስ አላስታውስም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ አባቶች። ከዚያ በኋላ ስላለው ቀን ምንም አላሉም። እስከዚያ የሚቆይ እንግዳ ይኖራል ብለው አላሰቡማ። ኮቪድ እንኳ አቅሙን አውቆ ረገብ አለ። እርስዎ ጫማዎን አውልቀው አልጋዬ ላይ ወጡ።

የአጠራርዎን ነገር ላንሳ። ዋርድ (ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል) ውስጥ ስሜ «ሲስተር» ነው። ሲቸኩሉ ደግሞ «አንቺ»። ኦፍ ቀኔ ላይ በስልክ ስጠራ ግን «ሲስተርዬ» እሆናለሁ። ይህቺ «ዬ» የምትባል ፊደል ስንት ቅዳሜ እንደበላች! «ሲስተርዬ፣ እንዴት አደርሽ? ልጆች ደህና ናቸው? ባለቤትሽስ?» ሄድ ነርሷ፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ ስለ ባለቤቴ ጤና በጠየቀች ቁጥር ዩኒፎርሜን መተኮስ እጀምራለሁ። እሷን አልወቅሳትም፣ እሷም ኦፍ ከወጣች ቆይታለች። እርስዎ በሷ አፍ ነው የሚናገሩት።

ሮስተሩንም ያውቁታል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው ያቺ ወረቀት። የኔ ቅዳሜ ያለበት ሳጥን ላይ ኦፍ ተጻፈ፣ በፍሉይድ (በነጩ የጽሑፍ ማጥፊያ) ጠፋ። ናይት፣ የሌሊት ተራ፣ ተጻፈ፣ ጠፋ። እንደገና ኦፍ፣ እንደገና ፍሉይድ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ያለው ፍሉይድ ከወረቀቱ ይወፍራል። ባለፈው በጥፍሬ ብፍቀው ሦስት ኦፍ አገኘሁ። ወስጄ ሙዚየም ላስገባቸው አስቤ ነበር።

በኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ማክሰኞ ሌሊትና ቅዳሜ ጠዋት። ሰፈሩ ሁሉ ይረግመዋል። እኔ ግን ከእርስዎ ጋር ሳስተያየው ለውሃው አክብሮት አድሮብኛል። ቅዳሜ እመጣለሁ ካለ ብዙውን ጊዜ ይመጣል። ቢቀር እንኳ «ውሃዬ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ብሎ አይደውልም። ችግሩ ውሃው ሲመጣ እኔ የለሁም። ሁለት ሳምንት የተዘፈዘፈ ልብስ ምን እንደሚሸት ያውቃሉ? ማወቅ አለብዎት፣ የእጅዎ ሥራ ነው።

አንድ ቀን ስልኬን ዘጋሁ። ሰው ነኝና ተሳሳትኩ። መጀመሪያ ባለቤቴ ጋ ተደወለ። እሱም አልሰማ አለ። (ጎበዝ ነው።) ከዚያ እርስዎ ምን አደረጉ? አምቡላንስ ላኩ። ትራንስፖርት ስለሌለ ሹፌሩ እግረ መንገዱን ያምጣት ተብሎ ነው አሉ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጠባቧ መንገዳችን ላይ፣ አምቡላንስ! ሹፌሩ ደግሞ ቸኩሎ ሳይረኗን አንዴ ነካ አደረጋት። ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሲሮጡ ደረሱ። ከኋላቸው ሁለት ሴትዮዎች «ወይኔ ልጄን» እያሉ። እኔ በፒጃማ፣ ጸጉሬን በሻሽ አስሬ፣ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ዳር ቆሜያለሁ። እትዬ አዩኝ። አምቡላንሱን አዩ። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አሉ። «ቅዳሜዬ» አልኳቸው። አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እግዜር ይማርሽ ብለውኝ ሄዱ።

ለቅሶ ካነሳን፣ በእርስዎ ሰበብ ያልደረስኩባቸው ለቅሶዎች እድር ላይ አስከስሰውኛል። ቅጣቱን ከፈልኩ። ዳኛው ጨዋ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ሁሌ ዲዩቲ ነኝ ትያለሽ፣ ያንቺን ለቅሶ ማን ሊደርስ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አሰብኩት። የሥራ ባልደረቦቼ እንዳልል፣ በዚያ ቀን እነሱም ይጠራሉ። ምናልባት እርስዎ ብቻዎን ይመጡ ይሆናል። ሬሳ ሳጥኔን አንኳኩተው «ሲስተርዬ፣ ማታ ትገቢልናለሽ?» ለማለት።

ትንሹ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። «ኦፍ» ማለት ለሱ ውሸት ማለት ነው። ከየት አመጣው ብለን ብንመረምር ለካ ከእኔ ነው። «ቅዳሜ ኦፍ ነኝ፣ ኳስ ሜዳ እወስድሃለሁ» ስለው ኖሬያለሁ። ባለፈው አባቱ ብስክሌት እገዛልሃለሁ ሲለው ዓይኑን አጥብቦ አየውና «የእውነት ነው ወይስ ኦፍ?» አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እርስዎ ሁልጊዜ ራስዎን የሚያስተዋውቁት «ድንገተኛ» ብለው ነው። ድንገተኛ ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ድንገተኛን አውቀዋለሁ። መኪና ሲገለበጥ ድንገተኛ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ስልክ የሚመጣ ነገር ፕሮግራም ይባላል።

ዋርዳችን 30 አልጋ አለው። ሌሊት ሁለት ነርስ እንገባለን፣ ያውም ሁለታችንም ከተገኘን። አንዷ ባልደረባችን ሥራ ለቃ ባሕር ማዶ ሄደች። አንዱ ለትምህርት ሄደ። በሁለቱም ቦታ ሰው አልተተካም። ሌላዋ ወለደች። ይህቺኛዋን ነው መቼም የማልረሳው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሆዷ ከሷ ቀድሞ በር ይገባ ነበር። ማኔጅመንቱ ያያል፣ ፋይናንሱ ያያል፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ እንኳ «መቼ ነው?» ይላታል። የወሊድ ፈቃዷ አራት ወር መሆኑም ተጽፎ ያለ ነገር ነው። ልትወልድ ስትገባ ታዲያ ምን ቢባል ጥሩ ነው? «ባልታሰበ የሰው ኃይል እጥረት ምክንያት»። ያልታሰበ! ጽንስ በድንገት የሚመጣበት ሆስፒታል የኛ ብቻ ነው።

ለካ እርስዎ «ትርፍ» አይደሉም። ዕቅዱ ራሱ እርስዎ ነዎት። ሮስተሩ ሲሠራ ኦፍ ተብሎ የሚጻፈው ነገር በመጠባበቂያነት የተቀመጠች ነርስ ማለት ነው፣ መጋዘን ውስጥ እንዳለ ጓንት።

ጎረቤቴ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራለች። እሷ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው የምትተዳደረው። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም ይላል። በሳምንት ዕረፍቷ ቀን ከሠራች በሰዓት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት እጥፍ ተኩል ይከፈላታል። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሄ አዋጅ አይመለከተኝም። አልቀናሁም። (ቀንቻለሁ።) እሷ ሲደክማት ስፌት ይጣመማል። ይፈታና እንደገና ይሰፋል።

እኔ ሲደክመኝስ?

አንድ ሌሊት፣ ከሦስተኛው የተነጠቀ ኦፍ በኋላ፣ ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ አምፑል ይዤ ቆሜያለሁ። ፖታሲየም ክሎራይድ አምፑሉ ከመድኃኒት መበጥበጫው ውሃ ጋር መንታ ይመስላል። አንዱ ውሃ ነው። ሌላኛው ሳይበረዝ በደም ሥር በቀጥታ ቢገባ ልብ ያቆማል። ጽሑፉን አነበብኩ። አነበብኩና ምን እንዳነበብኩ ጠፋኝ። እንደገና አነበብኩ። አራት ጊዜ። ተረኛው ሐኪም አይቶኝ «ሲስተር፣ እየጸለይሽ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ውሃው ነበር። ያቺን ሌሊት እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፣ እርስዎ ግን እዚያው ስለነበሩ ከእርስዎ አልደብቀውም።

አሜሪካ ውስጥ 393 ነርሶች ሥራቸውን በየቀኑ እንዲመዘግቡ ተደርጎ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ፈረቃው 12 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ሲሆን የስህተት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የኛ ናይት ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ቆጥረው ይድረሱበት። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ነርሶች ባወጣው ምክረ ሐሳብ ላይ፣ የሳምንት ዕረፍት ከ36 ተከታታይ ሰዓት እንዳያንስ፣ በሁለት ፈረቃ መካከልም ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ብሏል። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ተወልጄ፣ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ተቀጥሬ እስካሁን 36ቱን ሰዓት እየጠበቅኩ ነው።

ክፍያውን በሚመለከት ብዙ አልልም። ልቤን ያመኛል። የዲዩቲ ገንዘባችን የት ደረሰ ስንል «ተሠርቶ ፋይናንስ ገብቷል» ይሉናል። ገብቶ የቀረ ነገር ነው። እንደ ገዳም። ምን አልባት መንኩሶ ይሆናል።

ከኔ ጋር የተመረቀች ጓደኛዬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። እዚያ ነርስን አስቀድሞ ከወጣላት ፕሮግራም ውጭ አስገድዶ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው፣ ከአደጋ ጊዜና ከመሳሰለው በቀር። ይህን ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ልሞት ነበር። «ታዲያ ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «ሥራ» አለችኝ። በፈቃዷ! የቤት ኪራይ አለ፣ የመኪና አለ፣ ለእናቷ የምትልከው አለ። ክቡር ሆይ፣ ቪዛ ሳይጠይቁ እንዴት ገቡ?

የግንቦት 4ን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ቅር ይለኛል። የነርሶች ቀን ነው፣ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ልደት። አዳራሽ ይዘጋጃል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ኬክ ይቆረሳል። «ነርሶች የጤናው ሥርዓት የጀርባ አጥንት ናቸው» የማይል ተናጋሪ የለም። ለዚህ ነው ለካ ሁሉም እኛ ላይ የሚጫነው። በሙያዬ አስተያየት ልስጥና፣ የጀርባ አጥንት ላይ ሸክም ሲበዛ ዲስክ ይንሸራተታል። የዛሬ ዓመት ኬኩን ለመብላት አስቤ ነበር፣ ኦፍ ነበርኩና። በ2 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። «ሲስተርዬ፣ ልጆቹ የነርሶች ቀን ሊያከብሩ አዳራሽ ስለሚሄዱ ዋርዱን ትይዥልናለሽ?» ኬኩን በናፕኪን ጠቅልለው አመጡልኝ። ክሬሙ ናፕኪኑ ላይ ቀርቷል።

አንድ ነገር ላይ ግን አደንቅዎታለሁ። «እምቢ» ማለትን አስቀርተዋል። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን አልፈራም፣ ፋይሌ ውስጥ ሁለት አለኝ፣ ሦስተኛውን ባገኝ ፍሬም አሠራለታለሁ። የምፈራው ሌላ ነው። እኔ እምቢ ካልኩ ስልኩ ሮስተሩ ላይ ከኔ ቀጥሎ ወዳለችው ይሄዳል። እሷ ትናንት ሌሊት አድራለች። የሰባት ወር ልጅ አላት። እርስዎ ዱላ እንኳ አይዙም፣ እኔን በሷ፣ እሷን በኔ ነው የሚመቱን። ተኝታ ሳለ ስልኳ ሲጮህ ይታየኛል። ከዚያ የኔ ልብስ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ቅዳሜዬን መመለስ ካልቻሉ እርስዎ ይምጡና ይዋሉልኝ። ውሃው 3 ሰዓት ላይ ይሄዳል፣ ነጩን ለብቻ ይጠቡ። ትንሹን ኳስ ሜዳ ይውሰዱት፣ ማንነትዎን እንዳይነግሩት ግን፣ ድንጋይ ይወረውራል። ከሰዓት ለቅሶ አለ።

2 ሰዓት ሊሆን ነው። እዚህ ላይ ልፈርም።

ከሰላምታ ጋር፣
ሲስተር (ስሟ ከፍሉይዱ ሥር ይገኛል)

ግልባጭ፦
ለሰፈራችን ውሃ፣ ለአርአያነቱ
ለእድራችን፣ ቅጣቱ እንዲያዝልኝ
ለባልደረባዬ፦ ስልክሽን ዝጊና ተኚ። ለነሱ እኔው ደውዬላቸዋለሁ፣ ማታ እገባለሁ።