ለክቡር የሣር ማጨጃ ሞተር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንዲነሱልን ስለ መለመን

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ክረምቱ ወጣ። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። እርስዎ ግን ገመድዎ በተጎተተ ቁጥር «ፑፍ» ብለው ዝም። ሽምግልና የተላከ ሰው እንኳ እንዲህ ደጅ አይጠናም።

አጥሩን የተደገፈው ጎረቤቴ «ቾኩን ዝጋው» ይላል፤ አየር የሚያፍነውን ክዳን ማለቱ ነው። ልጁ ደግሞ «ኧረ ክፈተው!» ይላል። የሚያናድደው ሁለቱም ልክ ናቸው። ቀዝቃዛ ከሆኑ ቾክ ይፈልጋሉ፤ አንዴ «ፑፍ» ካሉ በኋላ ካልተከፈተልዎ ያኮርፋሉ። ሞቀው ከጠፉ ደግሞ የቾክን ስም መስማት አይፈልጉም።

አመጋገብዎም የዋዛ አይደለም። ቤንዚን ብቻ አይበቃዎትም፤ በ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ሞተር ዘይት ይደባለቅልኝ ይላሉ። (ታላላቆችዎ 40 ይጠይቃሉ።) ዘይቱ ሲበዛ እሳት የሚጭረው ካንዴላዎ ይጠቁራል፤ ሲያንስ ፒስተንዎ ይቃጠላል። የከረመ ቤንዚን ደግሞ ይጠየፋሉ፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርብራተርዎ ውስጥ ሙጫ አድርገው ያስቀሩታል። ማደያው «በጀሪካን አይቀዳም» ብሎ ለመለሰው ሰው ይህ ንቀት ነው።

ካንዴላዎን ነቀልኩት። ጫፉ ርጥብ፣ ጥቁር፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት። ደረቅ ቢሆን «አልደረሰዎትም» ብዬ ታንከሩ ውስጥ ያለችውን ፊልትሮ እፈትሽ ነበር። እርስዎ ግን ጠጥተዋል፣ ያውም ከልክ በላይ! ስዊቹን አጥፍቼ፣ ቾኩን ከፍቼ፣ ገመዱን ደጋግሜ እየጎተትኩ ትርፉን አስተፋሁዎት። ካንዴላውን አድርቄ ክፍተቱን 0.6 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከልኩ። ምላሽዎ «ፑፍ» ነበር።

እርግጥ ነው፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ነው። ለቆላ አየር ተስተካክሎ የመጣ ካርብራተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ የቤንዚኑ ማስተካከያ ብሎን ትንሽ ጠበቅ ማለት አለበት። ይገባኛል። ግን አትሌቶቻችን በዚሁ አየር ሠልጥነው ዓለምን ይቀድማሉ። እርስዎ መነሳት አቃተዎት?

ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዎንም ፈታሁ። ጭስ መውጫው ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት በጥላሸት ተደፍናለች። አንድ የጥርስ ብሩሽ ተሰዋላት።

ከሁሉም የበገንኩት ግን መካኒኩ ፊት ነው። ሰውየው አንዴ ጎተተ፣ እርስዎም ሆዬ ብድግ! እንደ ንብ ቀፎ ደጁን አናወጡት። መካኒኩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ታዲያ ምን ሆነ ነው የምትለው?» አለኝ። ሒሳቡን ግን አልማረኝም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ መካኒክ ሳይጠራ ይነሱ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለማጭድ፣ ተስሎ እንዲጠባበቅ
ለጎረቤት በግ፣ ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ መግባት እንደምትችል እንድታውቀው